ሳይጮኹ ለማየት የሚረዱ መጻሕፍት

የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከበረዶ ሸርተቴው አዳራሽ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ የልቤን ነግሬው በመጣሁ ነበር። በዚያ በኩል ሙዚቃ፣ የሸርተቴ ጫማ ስለት ፉጨትና የአሠልጣኝ ጩኸት፤ በዚህ በኩል «ጸጥታ ይከበር» የሚል ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ እኔ። ግድግዳው ክረምት ከበጋ ይቀዘቅዛል። ከእሱ ጋር የተጠጋው መደርደሪያ ላይ ታሪክ ብናስቀምጥ ሻገተ፣ ሕግ ብናስቀምጥ ሻገተ። በመጨረሻ የስፖርት መጻሕፍቱን ደረደርንበት፤ ስፖርተኛ ብርድ ይችላል ብለን።

ስለዚህ ስለ በረዶ ሸርተቴ የተጻፈ ነገር እኔ ጋ ሞልቷል። እኔ ራሴ ግን በዕድሜዬ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ደረጃ ስወርድ እንኳ መደገፊያውን በሁለት እጄ የምይዝ ሰው ነኝ። መጻሕፍቱን የማውቃቸው በአንባቢዎቻቸው ነው። ማን እየሳቀ መለሰው፣ ማን ሳይገልጠው መለሰው፣ የትኛው ገጽ በእርጥብ ጓንት ተጨማደደ፣ ይህን ይህን አያለሁ። ሰው መጽሐፍ ምረጪልኝ ሲለኝ ደግሞ መጀመሪያ «ለምንድን ነው የሚፈልጉት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ይህ ጥያቄ ያናድደዋል። ይናደድ።

ዶክተሩ የመጣ ዕለትም ይህንኑ ጠየቅሁት። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እኔም ወንበሩ ላይ ተጋድሜ አውቃለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲያነጋግርህ ዓይንህን ሳይሆን አፍህን የሚያይ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ስታወራ ሳይታወቅህ ከንፈርህን ትሰበስባለህ።

«ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያስተምር ጥሩ መጽሐፍ ይምረጡልኝ» አለኝ።

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ለመማር ነዋ።»

«ሊንሸራተቱ ነው?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም! ለማየት ነው።»

«ለማየትማ ዓይን ይበቃል ዶክተር። በሩ በዚያ በኩል ነው።»

አልሳቀም። ከጠረጴዛዬ ፊት ያለችውን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝና የመጽሐፍ ማኅተሜን አስቀመጥሁ።

አንዲት ልጅ አለችው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ልጅቱ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። ከግድግዳው ማዶ ትሠለጥናለች፤ ጎበዝ ናት ይሏታል። ባለፈው ውድድር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቃት፣ እሷም ለትልቁ ዝላይዋ ፍጥነት ስትሰበስብ፣ ዶክተሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጥርስሽን! ጥርስሽን ጠብቂ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ የተሰበረ የፊት ጥርስ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ሌላው ሰው ዝላይ ያያል፤ እኔ የሚታየኝ ጥርስ ነው። አንዷ እናት የልጇን ጥርስ ስባሪ በመሐረብ ጠቅልላ ስትሮጥ ነው የሚታየኝ።»

ልጅቱ ደንግጣ ዝላዩ ግማሽ ቀረና በጎኗ ወደቀች። ጥርሷ ደህና ነው። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቿ «ጥርሴ» ነው የሚሏት። መኪና ውስጥ ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ በምሠራበት እንዳትመጣ።» አልሄደም። በየቀኑ ያደርሳታል፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ይመልሳታል።

«የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት አለ» አለኝ። «ያን ቀን ከሰው ጋር ተቀምጬ ልጄን ማየት እፈልጋለሁ። እሷ ፈቅዳልኝ፣ እኔም ሳልጮህ። የሚያስፈራኝ ስለማላውቀው ነው። አጥንቼ ብመጣ ትፈቅድልኛለች።»

አንጀቴን በላው። ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም፤ አንባቢን ካሞላቀቁት ገጽ ማጠፍ ይጀምራል። ተነሥቼ ከመደርደሪያው ወፍራሙን ሰማያዊ መጽሐፍ አወረድሁለት። ሠልጣኞቹ ሁሉ የሚማሩበት ነው፤ ከአቋቋም ጀምሮ እስከ ከባዱ ዝላይ እግር በእግር የተሳለበት፣ ቀስት በቀስት የሆነ መጽሐፍ።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ መጠበቁን ትቶ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ያዘ። ልጅቱ በግድግዳው በዚያ በኩል፣ አባቷ በዚህ በኩል። እንዲህ የሚያጠና ሰው ከተማሪዎቹም አላየሁም። ስለቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ጠርዝ እንዳለው ያነበበ ቀን ጠረጴዛዬ ድረስ እየሮጠ መጣ።

«ልክ እንደ መንጋጋ ጥርስ እኮ ነው! መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ! አንዱ የውስጥ ጠርዝ፣ አንዱ የውጭ ጠርዝ!»

«ዶክተር፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው እያነበበ ነው።»

የዝላዮቹን ስም እንደ ውሃ ጠጣው። የትኛው በየትኛው እግር እንደሚነሣ፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚነሡባቸው እንደሆኑ፣ አንዱ ብቻ ግን ፊት ለፊት እያዩ የሚነሡበት እንደሆነ፣ ስለዚህ እሱን ሕፃን እንኳ ሊለየው እንደሚችል አስረዳኝ። አልጠየቅሁትም፤ አስረዳኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከጂኦግራፊው መደርደሪያ ጀርባ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ መጽሐፉን በቀኝ እጁ ከፍቶ ይዞ አገኘሁት። ዘወትር ጋዜጣ የሚያነቡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል፤ መነጽር የሚያደርጉት ለሎተሪ ውጤት ብቻ ነበር።

«ሚዛን ልሞክር ብዬ ነው» አለኝ።

«ይሞክሩ። መደርደሪያው ከወደቀ ግን ሰባት መቶ መጽሐፍ የሚያነሡት እርስዎ ነዎት።»

ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ሳልፈልግ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ትከሻው ወድቆ መጣ። መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና እጁን ሳያነሣ ቆመ።

«ምን ሆኑ?»

«ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ክለቡ የልምምድ ቪድዮ ለቆ በስልኬ አየሁት። ለዝላይ ስትነሣ ወደ ውስጥ ጠርዝ ታዘነብላለች፤ ያ ዝላይ የውጭ ጠርዝ ነው የሚፈልገው። እራት ላይ ይህንኑ አልኳት።»

«ልክ ነበሩ?»

«ልክ ነበርኩ። ገጹንም ነገርኳት።»

«እሷስ?»

«ሳህኑን ገፋ አድርጋ ‹አንድ አሠልጣኝ አለኝ አባዬ፤ ይበቃኛል› ብላ ተነሣች።»

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ በሹክሹክታ መጮህ ተምሬያለሁና በዚያው ድምፅ ወረድሁበት። «ዶክተር፣ ገጹን ነገሯት? ስታኝክ ገጹን ነገሯት? ይህ መጽሐፍ የተጻፈው በረዶ ላይ ለሚቆም ሰው ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ወንበር ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው ምንድን ነው?»

«መከታተል?»

«መደሰት!» አልኩት፤ ይቺ ግን ሹክሹክታ አልነበረችም።

«ጸጥታ ይከበር» አሉ ሽማግሌው ከጋዜጣቸው ጀርባ። በገዛ ሰሌዳዬ የተገሠጽሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰማያዊውን ወስጄ ሌላ ሦስት አመጣሁለት። አንዱ የፎቶ መጽሐፍ ነው፤ በጣም ከመተለቁ የተነሣ መደርደሪያ ላይ አይቆምም፣ ይጋደማል፤ ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ስለ ሙዚቃ ነው፤ አንድ ዜማ እንዴት ተመርጦ ወደ እግር እንቅስቃሴ እንደሚለወጥ ይተርካል። ሦስተኛው ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አንዲት ሴት ከቤቷ ጀርባ ባለ ሐይቅ ላይ ሸርተቴ እንደጀመረች፣ ትልቅ ነገር ሳታሸንፍ እንዳረጀችበት፣ ክረምት በክረምት የጻፈችው ነው። ከሦስቱም ውስጥ «እንዲህ አድርግ» የሚል አንድም የለም።

«እኔ የሰው ታሪክ አላነብም» አለኝ። «ጊዜም የለኝም።»

«ጊዜማ አለዎት፤ ልጅዎ እስክትወጣ እዚህ ተጎልተው አይደል የሚውሉት።»

ወሰዳቸው። ያኮረፈ ልጅ መድኃኒት እንደሚወስደው ነው የወሰዳቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፎቶ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያየው ያው የለመደውን ነበር። «ይህቺ ሽቦ ያስፈልጋታል» ይለኛል። «ይህ ሰውዬ ሲተኛ ጥርሱን ያፋጫል።» ከዚያ ዝም ማለት ጀመረ። አንድ ከሰዓት ቀና ብል አንድ ገጽ ላይ መዳፉን አድርጎ ተቀምጧል። በኋላ ገልጬ አየሁት፤ አንዲት ሸርታች ጀርባዋን ሰጥታ፣ በአንድ ጠርዝ ላይ እስከ ምድር ድረስ አዘንብላ፣ ጣቶቿ በረዶውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው የተነሣች ነበረች። አፏ አይታይም።

የሐይቋን ሴትዮ መጽሐፍ አንድ ማምሻውን ጨረሰው። ወደ መጨረሻው ጉልበቷ እምቢ ይላታል፤ መዝለል ትተዋለች፤ ግን ጠዋት ጠዋት ድምፁን ለመስማት ብቻ ሐይቁ ላይ ወጥታ ቀስ እያለች ትዞራለች። ዶክተሩ መጥቶ ፊቴ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። እኔም ማኅተም የማይመታበትን ወረቀት ማኅተም ስመታ ቆየሁ።

«ሴትዮዋ በሕይወት አለች?» አለኝ።

«አላውቅም ዶክተር።»

«ብትኖር ጥርሷን በነፃ እሠራላት ነበር።»

ከዚያ ክሊኒኩን ከመክፈቱ በፊት፣ ልጁ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት፣ ለብቻው አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። ጠዋት ማንም ሰው የሚገባበት ሰዓት ነው፤ አጥሩን ይዘው የሚርመጠመጡ ጀማሪዎች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩ ባልና ሚስት ጡረተኞች። እነሱን አይቶ ወደ እኔ ይመጣና ያወራልኛል። ባልየው በመዞሪያው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እንደሚዘገይ፣ ሚስቲቱ ሳታየው እንደምትጠብቀው ይነግረኛል።

አንድ ቀን «ዛሬ አንዲት ሴትዮ ወደቀች» አለኝ።

«እና?»

«ምንም። ተነሣች። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም» አለኝ፤ ሽልማት የተቀበለ ሰው ኩራት ነበር የሚኮራው።

ሰዎች ሲለወጡ ማየት እወዳለሁ፤ ክፉ ነገሬ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ለዚህ ነው ይህን ሥራ የማልተወው። ክሊኒኩ የሄደች ጎረቤቴ ዶክተሩ ጥርሷን እየቦረቦረ ዜማ ያንጎራጉር እንደነበርና ከቀድሞው ይልቅ እንዳላመማት ነገረችኝ። ስለ ሕመሙ እጠራጠራለሁ፤ ዜማውን ግን አምናለሁ።

ከዚያ ልጅቱ መጣች።

ከሰዓት ነበር፤ ግድግዳው ማዶ ልምምዱ ተጀምሯል፣ የአሠልጣኟ ድምፅ ይሰማል፤ ዶክተሩ ያን ቀን ልጁን አድርሶ ለአንድ ሕመምተኛ ወደ ክሊኒኩ ተመልሷል። የጫማ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ገባችና ፊቴ ቆመች። በመስኮት ስታልፍ ስለማያት ለይቻታለሁ። ጥርሷ ያው እንደምትገምቱት ነው፤ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ሊለጠፍ የሚችል።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«እትዬ ይበቃል።» እማማ ለመባል ገና ነኝ፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ ነው የማስበው።

«እትዬ፣ አባቴ እዚህ ይመጣል አይደል? ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የሚሰጡት?»

«አንባቢዬ ምን እንደሚያነብ ለሌላ ሰው አላወራም።»

«ማውራቱንማ እሱ ያወራዋል» አለች፤ አባቷ የተቀመጠባት ወንበር ላይም ተቀመጠች። «ትናንት እራት ላይ ስለ አንዲት የሐይቅ ሴትዮ ሲያወራልኝ እንባው መጣ። ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቴ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ድሮ የሚያወራኝ ስለ ጥርስ ብሩሽ ነበር።»

«ታዲያ ይህ ጥሩ አይደለም?»

«መጥፎ ነው!» አለችና ዓይኗ ሞላ። «ልተወው ነው እኮ እኔ።»

«ምኑን?»

በአገጯ ግድግዳውን አሳየችኝ። በረዶው ላይ ከወጣች ሰንብታለች። ለአሠልጣኟ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ ሲያልቅ ፀጉሯን ከቧንቧው ታርሰውና ያላበች መስላ ወደ አባቷ ትወጣለች። ይህን ስትነግረኝ ወደ እኔ አላየችም።

«ጥርሴ ስለሚሉሽ ነው?»

«እሱንማ ለመድኩት። አሁን እኔም ስልኬ ላይ እንዲያ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«አባትሽ ስለጮኸ ነው?»

«አይደለም። ማንም ምንም አላደረገኝም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ነው የምሠራው፤ አንድ ጠዋት ተነሣሁ፣ ደስ አላለኝም። በነጋታውም ደስ አላለኝም። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁት።» የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመዘዘችው። «ያለኝ ደስታ ሁሉ ወደ አባቴ ሄደ መሰለኝ።»

ማኅተሜን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

«እባክዎ እትዬ፣ አሰልቺ አሰልቺውን ይስጡልኝ» አለች። «የዳኝነት ደንብ፣ የነጥብ አሰጣጥ፣ እንዲህ ያለ። ይሰልቸውና ራሱ ይተወዋል። ያኔ ብነግረው አይጎዳም።»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እሱንም አላደርገውም። እኔ የማውሰው መጽሐፍ ነው።» ቁጣዬ በልጅቱ ላይ እንዳልሆነ ገብቷት እንደሆነ እንጃ። «ንገሪው። ቢከፋው ይክፋው። ትልቅ ሰው ነው፤ አይሞትም።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወጥታ ስትሄድ የተናገርኩት ከበደኝ፤ አይሞትም ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አልተመቹኝም። ዶክተሩ እየመጣ ያወራልኛል፣ እኔ ምላሴን ነክሼ እሰማዋለሁ። መናገር የለመደ አፍ ሲዘጋ እንዴት እንደሚያም የጥርስ ሐኪም እንኳ አያውቀውም። አንድ ቀን ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሦስቱንም መጻሕፍት አቅፎ መጣ።

«ዝግጁ ነኝ» አለኝ። «ትርኢቱ ደርሷል። ዛሬ ልጠይቃት ነው። እምቢ አትለኝም፤ ይታወቀኛል። ሰሞኑን ስታየኝ ዓይኗ ራርቷል።»

ማኅተሙን ገልብጬ ባዶ ወረቀት ላይ መታሁት። «ይጠይቋት» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? እሱም የተለመደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ፤ መጻሕፍቱን ግን ሳይመልሳቸው ይዟቸው ሄደ።

ልምምዱ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ናት፤ ፀጉሯ ደረቅ ነው። ወደ እኔ አየት አደረገችኝና በቀጥታ ሄዳ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔ የመጽሐፍ ጋሪዬን እየገፋሁ እነሱ አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ሄድሁ። ጆሮ ጠቢ ነሽ የሚለኝ ካለ ይበል፤ ቤተ መጻሕፍቱ እኔ የማስተዳድረው ነው።

«ሚጣዬ! ጨረስሽ እንዴ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አላት።

«እኔ ልቅደም አባዬ።» ትንፋሿን ሳበች። «ሸርተቴውን ትቼዋለሁ። ጉልበቴን አላመመኝም፤ ዋሽቼ ነው። ለአሠልጣኟ አሁን ነግሬያት መጣሁ። ትርኢቱ ላይም የለሁም።»

ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፎቶ መጽሐፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል አደረገው፤ ከዚያ እንደገና አስተካከለው። ከግድግዳው ማዶ ሙዚቃው ይሰማል።

«እኔ ነኝ?» አላት በመጨረሻ።

«አይደለህም።»

«ያን ቀን እኔ…»

«አይደለህም አልኩህ። ደስ አይለኝም አባዬ። ብቻ ደስ አይለኝም።»

ይህ ሰው ያን ሁሉ ያነበበው ለአንዲት ወንበር ነበር። ወንበሯ አሁን አለች፤ የሚቆጣውም የለም፤ የሚታየው ግን የለም። መጽሐፍ ሰጥቼ ሰውን ለባዶ ሜዳ አዘጋጀሁት ብዬ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀያየምሁ፤ እጄ ላይ ያለውን አንዱን መጽሐፍ ገልብጬ ከተትሁት።

«ታዲያ ተዪው» አላት። «ደስ የማይልሽን ስትሠሪ ተቀምጬ ልይሽ? ተዪው የኔ እናት።»

እጇን ዘርግታ ያዘችው። እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ዶክተሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ልጅ፣ «እኔ ግን መሄዴን ብቀጥል ቅር ይልሻል?» አላት።

«የት?»

«እዚያ። ትርኢቱን ማየት እፈልጋለሁ። ጓደኞችሽ አሉ፣ ሙዚቃው አለ። አንቺ ባትኖሪም።»

ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች። «ብቻህን?»

«ብቻዬንም ቢሆን።»

«ብቻህንማ አትሄድም» አለችው። «ማን ይጠብቅሃል? እንደገና ብትጮህስ?»

እኔም ሄድሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ ግድግዳውን ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ብርዱን ስለማውቀው ሁለት ሹራብ ደርቤ ገባሁና ከእነሱ ጀርባ ባለው መደዳ፣ ትንሽ ወደ ጎን ተቀመጥሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ሰው ዝም ይላል፤ ቅናት ያዘኝ።

ዶክተሩ ገና የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወጣ ጀመረው። በልጁ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ እኔ ድረስ ይሰማል። «አየሽ፣ ይህንን ፊት ለፊት እያየች ነው የምትነሣው፤ ሌላ እንዲህ ያለ የለም።» ለማን ነው የሚያስረዳው? ስድስት ዓመቷ ላይ የጀመረች ልጅ እኮ ናት! በያዝኩት ወረቀት ማጅራቱን ልለው ዳዳኝ። ልጅቱ ግን «እሺ» ትለዋለች፤ «እሺ አባዬ፣ አሁንስ?» ትለዋለች። ቆይታ ቆይታ ዙሪያውን አየችና «ከዚህ ሲታይ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ያን ሁሉ ዘመን ስትሠራ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አላየችውም ለካ።

ወደ መጨረሻው የእሷ ቡድን ወጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ልብስ ለብሰዋል። ሜዳው መሃል እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠሩ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ክቡ ይሳሳል። ሰው ለመተካት ጊዜ አላገኙም መሰል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ልጆች የእሷን ባዶ ቦታ ለመድረስ ክንዳቸውን እስከ ጣታቸው ጫፍ ዘርግተው ነበር የያዙት። ስታየው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ አየሁ። ጠልታው አልነበረም የተወችው፤ ያን ጊዜ ነው ይህ የገባኝ።

የዶክተሩ ሹክሹክታ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ አንዷ ዘለለች፣ ሌላዋ ዘለለችና ወደቀች፤ አዳራሹ በሙሉ «ውይ!» አለ፤ እኔም ብያለሁ። እሱ ወደ በረዶው አልዞረም። ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ዞሮ የልጁን ፊት እያየ ነበር። እሷ ዓይኗ በረዶው ላይ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ከንፈሯ ከዜማው ጋር ይንቀሳቀሳል፤ እንደሚያያት አታውቅም። አልነካትም፣ መሐረብም አልሰጣትም። ዘፈኑ አልቆ መብራቱ እስኪበራ ድረስ አያት።

ስንወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ልጅቱ ጓደኞቿን ልታቅፍ ወደ ውስጥ ተመልሳ ነበር።

«ደስ ይላል» አልኩት። «ያቺ የወደቀችው ልጅ ግን አሳዘነችኝ።»

«ማን ወደቀ?» አለኝ።